«ዓይኑስ ታይቷል?» ልዩ ፍላጎት ስላላቸው ሕፃናትና ስለ መነጽር

መነጽር ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ጋዜጣ የሚያነቡ ሽማግሌ፣ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ መምህር ወይም ለዘናጭነት ጥቁር መነጽር ያጠለቀ ጎረምሳ ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን መነጽር አድርጎ ስናይ ግን ቆም እንላለን። «ምን ሆኖ ነው?» እንላለን። በዚያ ላይ ልጁ ዳውን ሲንድሮም፣ ኦቲዝም ወይም ሌላ የእድገት ችግር ያለበት ከሆነ ጥያቄው ይለወጥና «ለእሱ ደግሞ መነጽር ምን ይሠራለታል?» ይባላል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ይሞክራል። መልሱን ከወዲሁ ለመጠቆም ያህል፣ ከማንም ልጅ ይበልጥ የዓይን ምርመራ የሚያስፈልገው ይኸው ልጅ ነው፤ ከማንም ልጅ ኋላ የሚመረመረውም እሱ ነው።

ምሳሌዎቼን በአብዛኛው የምወስደው ተወልጄ ካደግሁባት ከቆቦና ከአካባቢዋ የራያ ቆላ ነው። አንደኛ ስለማውቀው፣ ሁለተኛ ደግሞ ችግሩ በትልቅ ከተማ ከሚታየው ይልቅ እዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ልዩ ፍላጎት ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ልዩ ፍላጎት» ሰፊ ቃል ነው። ማየት ወይም መስማት የተሳናቸውን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን፣ ኦቲዝም ያለባቸውን፣ በተለምዶ ሴሬብራል ፓልሲ በሚባለው የአንጎል ጉዳት ምክንያት እንቅስቃሴያቸው የተወሰነባቸውን ልጆች ሁሉ ያጠቃልላል። በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው ችግራቸው «ማየት» ነው ተብሎ በማይታሰቡት ላይ ነው። ዓይነ ስውር የሆነን ልጅ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ያውቀዋል። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ግን «ዳውን» ነው ተብሎ ነገሩ እዚያው ይዘጋል። ዓይኑም ሌላ ችግር ሊኖርበት እንደሚችል ማን ያስባል?

እውነታው ግን ሌላ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ልጆች ላይ የእይታ ችግር ከሌሎች ልጆች በብዙ እጥፍ ይበዛል። ሲአቢሊቲ የተባለው የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ድርጅት እንደሚለው፣ እነዚህ ልጆች ከባድ የእይታ ችግር የሚያጋጥማቸው ከሌሎች ልጆች 28 እጥፍ በሚበልጥ ሁኔታ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የምናየው በዓይን ብቻ አይደለም፤ በአንጎልም ነው። የአንጎልን ወይም የመላ ሰውነትን እድገት የሚነካ ነገር ዓይንን ነጥሎ አይተወውም።

ለምን ይታለፋል?

እንደታዘብኩት ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የልጁ ሁኔታ ሁሉ በአንድ ስም መጠራቱ ነው። ልጁ ሲጠሩት ዞር አይልም? «ኦቲዝም ስላለበት ነው።» ደረጃ ላይ ይደናቀፋል? «ሰውነቱ ስላልጠነከረ ነው።» የሰው ፊት አያይም? «አመሉ ነው።» መጽሐፍ ወይም ስዕል ሲሰጡት ይጥለዋል? «አይገባውም።» እነዚህ ሁሉ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ደግሞ እያንዳንዳቸው በደንብ የማያይ ልጅ የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስም ሁለተኛውን ችግር ይጋርደዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ከአካባቢያችን የጤና ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1998 ዓ.ም በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ውስጥ 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። የአገሪቱ አማካይ 40.1 በመቶ ነበር። ስለዚህ በክልላችን ዓይን ሲባል ለብዙ ዓመታት ትራኮማ ነበር። ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ንጽሕናን አጣምሮ የያዘው ዘመቻ በካርተር ማዕከልና በሌሎች ድጋፍ ወረዳ በወረዳ ተካሂዷል። ዚትሮማክስ የሚባለው መድኃኒት በገፍ ታድሏል፤ በብዙ ወረዳዎችም በሽታው ቀንሷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ከዚህ ዘመቻ የተማረው የታመመ ዓይን የሚቀላ፣ የሚያፈስ፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የታጠፈ ዓይን መሆኑን ነው። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ፊቱ የታጠበ ልጅ «ዓይኑ ንጹሕ ነው» ተብሎ ይሸኛል። በመነጽር የሚስተካከለው ችግር ግን በውጭ አይታይም። አይቀላም፣ አያፈስም፣ አያምም። ንጹሕ ዓይን ማለት የሚያይ ዓይን ማለት አይደለም።

ይኸው የ1998 ዓ.ም ጥናት ሌላም ነገር ይነግረናል። በጊዜው ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ነበር። እይታቸው ከደከመው ውስጥ 33.4 በመቶው ችግራቸው የሪፍራክሽን፣ ማለትም ዓይን ብርሃንን በትክክለኛው ቦታ ማሳረፍ ያለመቻሉ ችግር ነበር። በሌላ አነጋገር ከሦስት ሰው አንዱ ያጣው ነገር መነጽር ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የምርመራው ዘዴ ነው። ሁላችንም የምናውቀው የዓይን ምርመራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰሌዳ ነው። ፊደል ለማያውቁ ደግሞ እግሩ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የዞረ ምልክት አለ፤ ተመርማሪው በጣቱ አቅጣጫውን ያሳያል። ይህ ለጤነኛ የሰባት ዓመት ልጅ ቀላል ነው። ቋንቋው ላልዳበረ፣ «ወደየት ነው የዞረው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ለማይገባው ልጅ ግን ፈተናው የዓይን መሆኑ ይቀርና የአእምሮ ፈተና ይሆናል። ልጁ ዝም ይላል፣ ያለቅሳል፣ ከወንበሩ ይወርዳል። ካርዱ ላይም «አይተባበርም» ተብሎ ይጻፋል።

ዓይንና ሌንስ

ወደ ፊት ከመሄዳችን በፊት መነጽር ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንመልከት። በፎቶግራፍ ትምህርታችን ስለ ፎከስ ተምረናል። ካሜራ ፎከስ የሚያስተካክለው ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ነው። ዓይን ግን የሚያስተካክለው የውስጥ ሌንሱን ቅርጽ በመለወጥ ነው፤ ቅርብ ስናይ ሌንሱ ያብጣል፣ ሩቅ ስናይ ይሳሳል። ምስሉ በትክክል ሬቲና በሚባለው የዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ጥርት ብሎ ይታያል።

የዓይን ኳስ ከሚገባው በላይ ረዘም ካለ ምስሉ ከሬቲና ፊት ያርፋል፤ ሩቅ ያለው ይደበዝዛል። ኳሱ አጠር ካለ ምስሉ ከሬቲና ኋላ ያርፋል፤ በተለይ ቅርብ ያለውን ለማየት ያስቸግራል፣ ችግሩ ከበረታ ደግሞ ሩቁም ይደበዝዛል። የዓይን የፊት ገጽ ክቡ እኩል ካልሆነ ደግሞ ምስሉ ይንጋደዳል፤ ይህ አስቲግማቲዝም ይባላል። መነጽር ብርሃኑን ቀድሞ በማጠፍ ምስሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ልኩ ዲዮፕተር በሚባል መለኪያ ይነገራል፤ ለመጀመሪያው ችግር የመቀነስ ምልክት፣ ለሁለተኛው የመደመር ምልክት ያለው ቁጥር ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነጥብ አለ። ማየት ይለመዳል። ሕፃን ልጅ አንጎሉ ከዓይኑ የሚመጣለትን ምስል መተርጎም የሚማረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ገደማ ድረስ ከአንዱ ወይም ከሁለቱም ዓይኖቹ የሚመጣለት ምስል ድብዝዝ ያለ ከሆነ፣ አንጎሉ ያንን ዓይን ችላ ማለትን ይለምዳል። በተለምዶ «ሰነፍ ዓይን» የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ትክክለኛ መነጽር ቢደረግለትም ሙሉ በሙሉ ጥርት አድርጎ ላያይ ይችላል። ከዚያ በኋላ መነጽር አይጠቅምም ማለቴ አይደለም፤ ይጠቅማል። ግን ቀድሞ የደረሰ ብዙ ያተርፋል። ስለዚህ «ሲያድግ እናሳየዋለን» የሚለው ምክር ለሌላ ነገር ይሠራ ይሆናል እንጂ ለዓይን አይሠራም።

ዳውን ሲንድሮም እንደ ምሳሌ

ዳውን ሲንድሮም 21ኛው ክሮሞሶም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን የሚፈጠር ነው። ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1866 ሁኔታውን በጽሑፍ ከገለጸው እንግሊዛዊው ሐኪም ከጆን ላንግደን ዳውን ነው። በእነዚህ ልጆች ላይ የሸውራራነት፣ የዓይን መርገብገብ፣ ሲወለዱ ጀምሮ የሚኖር የዓይን ሞራና የሪፍራክሽን ችግር በብዛት ይታያል።

አብዛኞቹ ሕፃናት ሲወለዱ የዓይናቸው ኳስ አጠር ያለ ነው፤ እያደጉ ሲሄዱ በራሱ ይስተካከላል። ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ልጆች ግን ይህ ራስን የማስተካከል ሂደት ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ችግሩ አብሯቸው ያድጋል። በዌልስ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት እነዚህን ልጆች ሲከታተሉ ያገኙት ሌላው ነገር ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቅርብ ያለውን ለማየት ሌንሳቸውን አሳብጠው ፎከስ ማስተካከል የሚያዳግታቸው መሆኑ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ፊደል፣ ስዕል፣ ዶቃ፣ እርሳስ፣ ሁሉም የመማሪያ ነገር ያለው በቅርብ ነው። ልጁ ፊደሉን ያልለየው ስላልገባው ነው ወይስ ስላልታየው? ተመራማሪዎቹ ለእነዚህ ልጆች የታችኛው ክፍሉ ለቅርብ የተሠራ ባለ ሁለት እይታ መነጽር እንደሚጠቅማቸው አሳይተዋል። እኛ ባለ ሁለት እይታ መነጽር የምናውቀው በአያቶቻችን ዓይን ላይ ነው፤ ለካ ለአምስት ዓመት ልጅም ይሠራል!

የማይናገር ልጅ እንዴት ይለካል?

ብዙ ወላጆች፣ አንዳንድ ባለሙያዎችም ጭምር፣ «አይናገርም፤ እንዴት ይመረመራል?» ይላሉ። ደስ የሚለው ነገር የመነጽር ልክ ለማውጣት የልጁ አንደበት አያስፈልግም።

መሣሪያው ሬቲኖስኮፕ ይባላል፤ በእጅ የሚያዝ፣ ባትሪ የሚመስል ነገር ነው። ባለሙያው ክፍሉን ደብዘዝ አድርጎ ቀጭን ብርሃን ወደ ልጁ ብሌን ይልካል። ብርሃኑ ከሬቲናው ተመልሶ በብሌኑ ውስጥ ቀላ ያለ ነጸብራቅ ይሠራል። ባለሙያው መሣሪያውን ሲያንቀሳቅስ ነጸብራቁ ወይ አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ወይ ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ከዚያ ከልጁ ዓይን ፊት አንድ በአንድ ሌንስ እየቀያየረ ነጸብራቁ መንቀሳቀሱን የሚያቆምበትን ሌንስ ይፈልጋል። ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ የመነጽሩን ልክ ያሰላል። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ ብስኩት እየበላ ይለካል። አስቀድሞ ሌንሱ እንዳያብጥ የሚያደርግ ጠብታ ይደረግለታል። ጠብታው ብሌኑን ስለሚያሰፋው ብርሃን ያስቸግረዋል፤ አትሮፒን የሚባለው ከሆነ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። በቆቦ ፀሐይ ባርኔጣ ወይም ጥላ ሳይያዝ መውጣት አይመከርም።

ምን ያህል እንደሚያይ ለማወቅም ከሰሌዳው ሌላ ዘዴዎች አሉ። ፊንላንዳዊቷ የዓይን ሐኪም ሊያ ሂቨሪነን የሠራቻቸው የስዕል ካርዶች አሉ፤ ልጁ ስም መጥራት የለበትም፣ ካርዱን እጁ ላይ ካለው ተመሳሳይ ስዕል ጋር ማዛመድ ይበቃዋል። ያ ካልሆነ ደግሞ በአንድ በኩል ባዶ፣ በሌላ በኩል ሰረዝ ያለበት ካርድ ይታያል፤ ሕፃን የሚታይ ነገር ወዳለበት ዓይኑን ያዞራል፤ ባለሙያው የሚያየው የልጁን ዓይን አዟዟር ነው። ስለዚህ «አይተባበርም» የሚለው ቃል ልጁን ሳይሆን የተመረጠውን ዘዴ ነው የሚገልጸው።

ከቆቦ እስከ ደሴ

የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ቆቦ ውስጥ ነው የተወለደው። እንጀራ ሲሰጠው አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ይመለከተው ስለነበር ጎረቤት «አሽትቶ ነው የሚበላው» ይል ነበር። ከበረንዳው ለመውረድ ይቀመጥና በመቀመጫው ይንሸራተታል። እናቱን በድምፅዋ እንጂ በመልኳ ከሩቅ ለይቶ አያውቃትም። በራያ ሜዳ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በማሽላ ወራት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ሜዳው እስከ ዞብል ተራራ ድረስ ተዘርግቶ ይታያል፤ ልጅ በእይታው ይመዘናል። ወፏን ያላየ ልጅ «ሰነፍ» ነው የሚባለው። የእሱ ግን ስንፍና እንኳ አልተባለም፤ «እሱማ እንዲህ ነው» ተብሎ ታለፈ።

አራት ዓመት ሲሆነው አክስቴ ወደ አንድ የጤና ተቋም ወሰደችው። ሰሌዳው ታየው፤ ልጁ አለቀሰ። ወረቀቱ ላይ «ልጁ አይተባበርም» ተጽፎ፣ «ሲያድግ ይምጣ» ተብላ ተመለሰች። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር በደሴ የሚኖር ዘመዳችን የዓይን ባለሙያ እንዳለ ነግሯት ይዛው ሄደች። ከቆቦ ወልድያ ወደ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከወልድያ ደሴ ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። በሰላም ቀን እንኳ ልጅ ይዞ ጠብታ ለማስደረግ፣ ለማስለካት፣ መነጽር ለማሠራት፣ ከዚያም ለመውሰድ መመላለስ ቀላል አይደለም። የመኪናው፣ የማደሪያው፣ የክፈፉ ሒሳብ ሲደመር ሌላ ነገር ነው። ባለሙያዋ በጠብታና በሬቲኖስኮፕ ለካችው። ውጤቱ በሁለቱም ዓይኖቹ መደመር አምስት ዲዮፕተር ሆነ። ለአክስቴ ቁጥሩ ምንም አልነገራትም። «ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ያህል ነበር የሚያየው?» ብላ ስትጠይቅ ባለሙያዋ አንድ የሙከራ ሌንስ ዓይኗ ላይ አድርጋ ክፍሉን አሳየቻት። አክስቴ ስትነግረኝ፣ «በጭጋግ ውስጥ እንደመሄድ ነው፤ የግድግዳው ሰዓት ክብ መሆኑን እንኳ መለየት አቃተኝ» አለችኝ።

ተአምር አልተፈጠረም። ልጁ በማግስቱ አልተናገረም፣ ዳውን ሲንድሮሙም አልጠፋም። የተለወጠው ነገር ይህ ነው፦ በረንዳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆሞ ወደ ታች ያያል፤ ከዚያ እግሩን ያወርዳል። ምስር ሲለቀም አጠገቧ ተቀምጦ ጠጠሯን ያነሣል። ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ ገና አፌን ሳልከፍት ከግቢው ማዶ አይቶኝ ሮጠ። ድሮ ድምፄን እስኪሰማ ይጠብቅ ነበር። «ዘገምተኛነቱ» ተብሎ ሲቆጠር ከነበረው ውስጥ የተወሰነው የዓይኑ ነበር ማለት ነው።

መነጽሩ ከመጣ በኋላ

መነጽር ማሠራት ግማሽ መንገድ ነው። ከቤተሰቡና ከባለሙያዎች ካየሁትና ከሰማሁት የሚከተሉትን ልጥቀስ።

ክፈፉ፦ ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ የአፍንጫው ድልድይ ዝቅ ያለ ስለሆነ የትልቅ ሰው ክፈፍ ተቆርጦ ቢሰጠው ይንሸራተትበታል፤ ልጁም ከመነጽሩ በላይ ነው የሚያየው። አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ለስላሳ መሆን አለበት፤ ከኋላ በላስቲክ ማሰር ይረዳል። ሌንሱ የማይሰበር ፕላስቲክ ይሁን እንጂ መስተዋት አይሁን።

ማስለመዱ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ አውልቆ ይጥለዋል። ይህ የተለመደ ነው። ለጥቂት ደቂቃ፣ በሚወደው ነገር ሰዓት፣ ለምሳሌ ምግብ ሲበላ ወይም ስዕል ሲያይ ማድረግና ቀስ በቀስ ማስረዘም ይሻላል። ዱላና ቁጣ መነጽሩን ያስጠላዋል። ሳምንታት አልፈውም ጨርሶ እንቢ ካለ ደግሞ ልኩ ተሳስቶ ወይም ጆሮውን እየቆረጠው ሊሆን ስለሚችል ማሳየት ነው።

አቧራው፦ የራያ ቆላ አቧራ ለሌንስ ጠላት ነው። አቧራ ያለበትን ሌንስ በነጠላ ወይም በቀሚስ ጫፍ መጥረግ ይጭረዋል። መጀመሪያ በውኃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ።

ክትትሉ፦ ልጅ ያድጋል፤ ዓይኑም ይለወጣል። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንደገና መለካት አለበት።

ቤተሰብና መምህር ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ምልክቶችም አሉ። ነገር ወደ ዓይኑ ማስጠጋት፣ አንገቱን አዘንብሎ ማየት፣ በፀሐይ አንድ ዓይኑን መጨፈን፣ ዓይኑን አብዝቶ ማሸት፣ የሸውራራነት ምልክት፣ ደረጃና ጉድጓድ ላይ መደናቀፍ፣ ምሽት ላይ መንቀሳቀስ መፍራት። የመጨረሻው ዳፍንትም ሊሆን ስለሚችል የቫይታሚን ኤ ነገር አብሮ መጠየቅ አለበት። በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ ግን ለነገ አይባልም፤ ሞራ ወይም በዓይን ውስጥ የሚወጣ ካንሰር ሊሆን ይችላል።

አገልግሎቱ የት አለ?

በእኛ አቅጣጫ ለዓይን ሕክምና ስሙ የሚነሣው ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦፕቶሜትሪ ባለሙያዎችን በዲግሪ ያሠለጥናል፤ ማለትም መነጽር የሚለኩ ሰዎች በአገራችን ይመረቃሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። በልዩ ፍላጎት በኩል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልና በዳውን ሲንድሮም ላይ የሚሠራው ዲቦራ ፋውንዴሽን ወላጆች ተደብቀው የነበሩ ልጆቻቸውን ይዘው እንዲወጡ በር ከፍተዋል። ችግሩ ሁለቱ መስመሮች፣ ማለትም የዓይኑና የልዩ ፍላጎቱ፣ ብዙ ጊዜ አለመገናኘታቸው ነው። በዚያ ላይ ጦርነቱ አለ። ቆቦ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም፣ ከዚያም ከነሐሴ 2014 ዓ.ም ጀምሮ እንደገና የጦርነት ቀጣና ነበረች፤ በሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ለአንድ ሕፃን ዓይን እነዚያ ወራት ተመልሰው የማይመጡ ናቸው።

በሕግ በኩል ክፍተቱ ያን ያህል አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ችግርን ቀድሞ መለየትን የጤና አገልግሎት አካል አድርጎ ያስቀምጣል። የትምህርት ሚኒስቴርም በ1998 ዓ.ም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2004 ዓ.ም አሻሽሎታል። በዓለም ደረጃ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በሪፍራክሽን ችግር ሩቅ ማየት ከተሳናቸው ሰዎች ተገቢውን መነጽር ያገኙት 36 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ይህን ለማሻሻል እ.ኤ.አ. በ2024 ስፔክስ 2030 የተባለ ንቅናቄ ጀምሯል። የሚቀረው ከወረቀቱ ወደ ልጁ የሚወስደው መንገድ ነው። አንድ ልጅ ልዩ ፍላጎት ክፍል ሲመዘገብ ዓይኑና ጆሮው የተመረመረበት ወረቀት አብሮ ቢጠየቅ፣ የዓይን ዘመቻ ወደ ወረዳ ሲወጣ ሬቲኖስኮፕ የሚይዝ አንድ ባለሙያ አብሮ ቢወጣ፣ ብዙ ነገር ይለወጣል።

የእኛስ ድርሻ?

እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ነን። ስለእነዚህ ልጆች ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የምንከተለው፤ ወይ የሚያስለቅስ ታሪክ፣ ወይ የለጋሽ ድርጅት ሪባን ቆረጣ። ቃሎቻችንም ችግር ነበረባቸው። «የአእምሮ ዘገምተኛ» የሚለው ስያሜ ለረጅም ጊዜ በጋዜጣም በሬዲዮም ሲነገር ኖሯል፤ ዛሬ «የአእምሮ እድገት ውስንነት» የሚለው ተተክቷል። ቃል መቀየሩ ጥሩ ነው። ግን ከቃሉ ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄው ነው። አንድ ልጅ «አይማርም»፣ «አይሰማም»፣ «አይተባበርም» ሲባል ሰምተን ከመጻፋችን በፊት፦ ዓይኑ ታይቷል? በምን ዘዴ ታየ? ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? ብለን እንጠይቅ። መልሱ «አልታየም» ከሆነ ዜናው እሱ ነው። ጥያቄው የሚቀርብለት ኃላፊም፣ የሚሰማው መምህርም፣ ጋዜጣውን ለሌላው የሚያነበው ጎረቤትም ልጁን እንደገና ያየዋል። ልጁ ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይሞላው ከተጠየቀ ደግሞ ገና ብዙ የሚተርፍ ነገር አለ።